አየርላንድ ውስጥ የድሮ ባላባት ቤት ሆቴል ስለማደር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አየርላንድ ለሰርግ የተጠራ፣ ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድ ወይ ለሀኒሙን ቦታ የሚፈልግ ሰው ኢንተርኔት ላይ የአንድ ግንብ ፎቶ ያይና መጠየቅ ይጀምራል። ጥያቄዎቹ ተመሳሳይ ስለሆኑ እዚህ አንድ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ሰዓቱ ግን በኛ ነው።

"ካንትሪ ሀውስ ሆቴል" ምንድነው? ከሌላው ሆቴል በምን ይለያል?

ድሮ አንድ ባላባት ከነቤተሰቡና ከነአሽከሮቹ ይኖርበት የነበረ ቤት ነው፣ አሁን ክፍሎቹ ይከራያሉ። ዋናው ልዩነት ግን ቤቱ ሳይሆን መሬቱ ነው ባይ ነኝ። ከዋናው መንገድ ትገነጠሉና መጀመሪያ ረጅም የድንጋይ አጥር ታያላችሁ፣ ከዛ ትልቅ በርና የበር ጠባቂው ትንሽዬ ቤት፣ ከዛ በዛፍ መሀል ጠመዝማዛ መንገድ አንዳንዴ ኪሎሜትር የሚረዝም፣ ከዛ በኋላ ነው ቤቱ ብቅ የሚለው። ግቢው ውስጥ ጫካ አለ፣ ወንዝ ወይ ሀይቅ አለ፣ የፈረስ ጋጣ፣ በግንብ የታጠረ የአትክልት ቦታ፣ አንዳንዱ ጋ ድሮ በረዶ ያስቀምጡበት የነበረ ከመሬት ስር የተቆፈረ ቤት ሁሉ አለ። ማታ ደርሳችሁ ተኝታችሁ ጠዋት ከወጣችሁ የከፈላችሁበትን ነገር ሳታዩት ነው ምትሄዱት። ስለዚህ ሁሌም ምመክረው ሁለት ሌሊት ነው፣ ለሁለት ካልበቃ ርካሹን ቤት መርጣችሁ ሁለት እደሩ።

ካስል፣ ማነር፣ ሀውስ፣ ሎጅ ይላሉ፣ ልዩነቱ ምንድነው?

ስም ላይ ብዙ አትመኩ። "ካስል" ከተባሉት ብዙዎቹ የጦር ምሽግ ሳይሆኑ በ1800ዎቹ ሀብታሞች ምሽግ አስመስለው ያሠሯቸው መኖሪያ ቤቶች ናቸው፣ ከውስጣቸው አሮጌ ግንብ ያላቸውም አሉ።

በተግባር ግን ሁለት አይነት ነው ሚያጋጥማችሁ። አንደኛው ትልልቁ፦ ማዮ ካውንቲ ኮንግ መንደር ያለው አሽፎርድ ካስል፣ ክሌር ያለው ድሮሞላንድ ካስል፣ ሊምሪክ ያለው አዴር ማነር። እነዚህ ስፓ፣ ብዙ ሬስቶራንት፣ ባለ ኮፍያ በር ከፋይ ምናምን ያላቸው ናቸው። ሁለተኛው ትንንሹ፦ ከ10 እስከ 30 ክፍል ያለው፣ ብዙ ጊዜ ባለቤቶቹ ራሳቸው እዛው ሚኖሩበት፣ በሩን ከፍታ ሻንጣ ምትቀበላችሁ ሴትዮ ማታ እራት ስታቀርብ ምታገኟት አይነት ቤት። ኮርክ ያለው ባሊማሉ ሀውስ ለዚህኛው ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ሜርትል አለን ምትባል የገበሬ ሚስት በ1964 የቤቷን ምግብ ክፍል ሬስቶራንት አድርጋ ከፈተችው፣ ከራሳቸው እርሻና ከጎረቤት አሳ አጥማጅ የመጣውን ነበር የምታበስለው፣ በኋላ የአየርላንድ ምግብ ቤቶች ሁሉ የሷን መንገድ ነው የተከተሉት። እንዲህ አይነት ቤቶች በ1974 ተሰባስበው ብሉ ቡክ ሚባል ማህበር አቋቁመዋል፣ ቤት ስትፈልጉ የነሱን ዝርዝር ማየት ጥሩ መነሻ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ምትሄዱ ከሆነ የኔ ምርጫ ትንሹ ቤት ነው። ትልቁን ግንብ ከውጪ ማየት ይቻላል (ወደታች ጽፌዋለሁ)፣ የትንሹን ቤት ጨዋታ ግን ካላደራችሁበት አታገኙትም።

እነዚህ ቤቶች የማን ነበሩ? እንዴትስ ሆቴል ሆኑ?

ይሄን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ብሮሹሩ ላይ "የተከበሩ እንግዶች" እንጂ ጭሰኛው አይጻፍም።

በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ መንግስት የአየርላንድን መሬት ከነባሮቹ ባለቤቶች እየነጠቀ ለራሱ ሰዎች አከፋፈለው። አብዛኞቹ ትልልቅ ቤቶች በ1700ዎቹና በ1800ዎቹ የተሠሩት የነዚህ ባለመሬቶች ልጅ ልጆች ከጭሰኛው በሚሰበስቡት ኪራይ ነው። ሁሉም ግን እንደዛ አይደለም። ድሮሞላንድ የኦብራያን ቤተሰብ ነበር፣ እነሱ በ1014 ክሎንታርፍ ላይ ከተገደለው ከንጉስ ብራያን ቦሩ ዘር ነን የሚሉ የአገሬው ሰዎች ናቸው፣ ንብረቱ ተሸጦ በ1963 ሆቴል እስኪሆን ድረስ እጃቸው ላይ ቆይቷል። አሽፎርድን ደግሞ በ1228 ዴ ቡርጎ ሚባሉ ኖርማኖች ጀመሩት፣ በ1852 የቢራ ጠማቂው የጊነስ ቤተሰብ ገዛው፣ ሰፍቶ ሰፍቶ በጊዜው ወደ 26,000 ኤከር ደርሶ ነበር፣ ያ ማለት ከ10,000 ሄክታር በላይ ነው። አሁን የቀረው 350 ኤከር ነው። ሆቴል የሆነው በ1939 ነው።

ከ1845 እስከ 1852 ባለው ጊዜ ድንቹ በበሽታ እየበሰበሰ ረሀብ ገባ፣ አንድ ሚሊየን ገደማ ሰው ሞተ፣ ሌላ አንድ ሚሊየን ገደማ አገር ጥሎ ሄደ። እህልና ከብት ግን በዛው ሰዓት ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር፣ ኪራይ መክፈል ያቃተው ጭሰኛም ከነልጆቹ ከጎጆው ይባረር ነበር። አንዳንድ ባለመሬቶች ኪራይ ምረዋል፣ ለረሀብተኛው ስራ ብለው ግንባታ ያስጀመሩም አሉ፣ የአዴር ማነር ግንባታ በዛ ጊዜ ለአካባቢው ሰው እንጀራ ሆኗል ይባላል። ሌሎቹ ደግሞ ሰዉን ከመሬታቸው ማባረር ነው የመረጡት። አሽፎርድ አጠገብ ኮንግ መንደር ውስጥ ደረቅ ቦይ ታያላችሁ፣ ሁለት ሀይቆችን በጀልባ መንገድ ሊያገናኙ በረሀቡ ዘመን ለተራበ ሰው ስራ እንዲሆን ተብሎ የተቆፈረ ነው፣ መሬቱ በሀ ድንጋይ ስለሆነ ውሀውን እየዋጠው አልሰራም፣ እስከዛሬ ሰመር ላይ ደረቅ ነው።

ከዛ ጭሰኛው ተነሳ፣ ዓመታት የፈጀ የመሬት ትግል መጣ፣ በመጨረሻ በ1903 የወጣው ህግ መንግስት ለጭሰኛው ገንዘብ አበድሮ መሬቱን ከባለቤቱ እንዲገዛ አደረገ። መሬት ላራሹ በኛ አገር በ1975 ባንድ አዋጅ ነው የሆነው፣ እነሱ ጋ ግን በብድርና በረጅም ዓመት ክፍያ ነው። ባላባቱ እጅ ላይ የቀረው ትልቅ ቤት፣ የሚያፈስ ጣራና ኪራይ የማያስገባ ግቢ ብቻ ሆነ። ከ1919 እስከ 1923 በነጻነት ጦርነቱና በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ደግሞ ከ250 በላይ እንዲህ አይነት ቤቶች ተቃጠሉ። ከተረፉት ገሚሱ ፈረሰ፣ ገሚሱ ለመነኮሳትና ለትምህርት ቤት ተሸጠ፣ ገሚሱ ሆቴል ሆነ። ባለቤቶቹ እስካሁን ያሉበትም አለ፣ ሞናሀን ያለው ካስል ሌስሊ ከ1660ዎቹ ጀምሮ በሌስሊ ቤተሰብ እጅ ነው፣ 1,000 ኤከር ነው፣ ፈረስ ለሚወድ ሰው ከዛ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

የባላባቱንና የጭሰኛውን ታሪክ ባንድ ቦታ ማየት ምትፈልጉ ከሆነ ሮስኮመን ያለው ስትሮክስታውን ፓርክ ሂዱ። ሆቴል አይደለም፣ ቤቱ ይጎበኛል፣ አጠገቡ የረሀቡ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። የዛ ርስት ባለቤት በ1847 ዓ.ም. 1,490 ጭሰኞቹን በእግር ወደ ደብሊን አስሸኝቶ ወደ ካናዳ በመርከብ ላካቸው፣ ብዙዎቹ መንገድ ላይ አለቁ፣ በዛው ዓመት እሱም በጥይት ተገደለ። ከደብሊን ወደ ምዕራብ ስትነዱ ከመንገዳችሁ ብዙም አይርቅም።

ዋጋው ስንት ነው?

በጣም ይለያያል። ትንንሾቹ ቤቶች ለሁለት ሰው ከነቁርሱ ከ200 እስከ 350 ዩሮ አካባቢ ይጠይቃሉ፣ ትልልቆቹ ግንቦች ሰመር ላይ ለአንድ ሌሊት ከ1,000 ዩሮ ቢያልፉ አይግረማችሁ። ቅዳሜና እሁድ ይወደዳል፣ ከእሁድ ማታ እስከ ሀሙስ ይቀንሳል፣ ህዳርና የካቲት አካባቢ ደግሞ አንድ ሌሊት በከፈላችሁበት ሁለት ልታድሩ ትችላላችሁ። ዋጋ ስታወዳድሩ ግን ምን ምን እንደሚያጠቃልል እዩ፣ ክፍል ብቻ የሆነ አለ፣ ከነቁርስ አለ፣ እራትም የተካተተበት አለ። የትንሽ ቤት እራት ለብቻው ለአንድ ሰው ከ70 ዩሮ በላይ ስለሚሆንና አካባቢው ላይ ሌላ ምግብ ቤት ስለማይኖር እራት ያለበት ዋጋ ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፦ ብዙ ርስቶች ላይ ከዋናው ቤት ሌላ ርካሽ ማደሪያ አለ። አሽፎርድ ግቢ ውስጥ ሎጅ ሚባል ሌላ ሆቴል አለ፣ በ1800ዎቹ ለርስቱ አስተዳዳሪ የተሠራ ቤት ነው፣ ያው ሀይቅ ያው ጫካ ነው፣ ዋጋው ግን በጣም ይቀንሳል። ሌላ ጋም የፈረስ ጋጣውን ወደ ክፍል የቀየሩት አለ። በተቃራኒው ደግሞ የዋናውን ቤት ፎቶ አይታችሁ ቡክ አድርጋችሁ ጓሮ ያለው አዲስ ህንጻ ውስጥ እንዳትገቡ፣ "ክፍሉ ዋናው ቤት ውስጥ ነው ወይ?" ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ።

ቪዛ? ሸንገን ካለኝ ይበቃል?

አይበቃም። አየርላንድ የአውሮፓ ህብረት አባል ናት ሸንገን ውስጥ ግን የለችም፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የራሷን ቪዛ ነው ምትጠይቁት። የእንግሊዝ ቪዛም ለኛ አይሰራም፣ ሁለቱ አገሮች ያላቸው የጋራ ቪዛ ስምምነት ለቻይናና ለህንድ ዜጎች ነው። የአሜሪካ ወይ የእስራኤል ፓስፖርት ያላችሁ ለጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋችሁም፣ ግሪን ካርድ ግን ፓስፖርት አይደለም፣ እሱን ብቻ ይዛችሁ ከሆነ ቪዛ ጠይቁ።

ሌላው የሚረሳው የሰሜን አየርላንድ ነገር ነው። ድንበሩ ላይ ኬላ የለም፣ ጎግል ማፕ ሳይነግራችሁ ያሻግራችኋል፣ በህግ ግን እዛ ማዶ እንግሊዝ ነው። ሞናሀን ወይ ዶኔጋል ያለ ቤት ምታድሩ ከሆነና ያላችሁ የአየርላንድ ቪዛ ብቻ ከሆነ መንገዳችሁን አስቀድማችሁ እዩት።

እንዴት ነው ሚደረሰው? መኪና ግዴታ ነው?

ግዴታ ባይሆንም ያለ መኪና ይከብዳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2015 ከአዲስ አበባ በደብሊን በኩል ሎስ አንጀለስ ይበር ነበር፣ ያ መስመር ቀርቷል፣ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ምትመጡ ሌላ ከተማ ላይ ትቀይራላችሁ። ለንደን ላይ ከሆነ የትራንዚት ቪዛውን ነገር አስቀድማችሁ አጣሩ። ከአሜሪካ ምትመጡ ደግሞ ደብሊን ብቻ ሳይሆን ሻነን ኤርፖርትም አለላችሁ፣ ምዕራቡ ጋ ለመሄድ እሱ ይሻላል፣ ድሮሞላንድ ከሻነን ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ስትመለሱ የአሜሪካ ኢሚግሬሽንን እዛው ሻነን ወይ ደብሊን ላይ ነው ምትጨርሱት፣ ለሱ ሰዓት ተዉለት።

መኪናው በግራ ነው ሚነዳው። ከሞተር መንገዱ ከወጣችሁ በኋላ መንገዱ ይጠባል፣ በሁለቱም በኩል ቁጥቋጦ የበቀለበት የድንጋይ ካብ፣ ፊት ለፊት ትራክተር፣ ስለዚህ ትንሽ መኪና ተከራዩ፣ አውቶማቲክ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ያዙ ምክንያቱም ጥቂት ነው ዋጋውም ይጨምራል። ከደብሊን አሽፎርድ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ በቀን ብርሀን ድረሱ። መንዳት ማትፈልጉ ከሆነ እስከ ጎልዌይ በባቡር ሂዱና ሆቴሉ ታክሲ እንዲልክ ጠይቁ።

ምግቡስ? አሳማ አንበላም፣ ጾምም አለብን

ቁርስ ላይ ተጠንቀቁ። "ፉል አይሪሽ" ሚሉት ሳህን ላይ ያለው ቤከን የአሳማ ነው፣ ቋሊማው የአሳማ ነው፣ ጥቁሯ ክብ ነገር ብላክ ፑዲንግ ትባላለች የአሳማ ደም ናት፣ ነጯም አሳማ አለባት። እንቁላል፣ ቲማቲም፣ እንጉዳይና ዳቦ ብቻ ስጡኝ ማለት ምንም ነውር የለውም፣ ግን በሌላ መጥበሻ እንዲሠሩላችሁ ንገሯቸው፣ ቤከኑ በተጠበሰበት እንጉዳዩንም ይጠብሱታል። ብዙ ቤት የተጨሰ ሳልሞን በእንቁላል አለ፣ አሪፍ ነው።

ለጾም ቀላሉ መንገድ ቡክ ስታደርጉ "ቪጋን" ብሎ መጻፍ ነው፣ የኛን ጾም ማስረዳት ውስጥ አትግቡ፣ ረቡዕ አርብ ምናምን ስትሉ ሼፉ ግራ ይገባዋል። አሳ ምትበሉ ከሆነ እሱን ለይታችሁ ጻፉ (አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አናነሳም)። አስቀድማችሁ ካልነገራችሁ ግን ችግር ነው፣ የአየርላንድ ቅቤ ሁሉም ነገር ውስጥ አለ፣ ድንቹ ውስጥ፣ አትክልቱ ላይ፣ ያ የሚወደደው ቡናማ ዳቧቸው ራሱ በአሬራ ነው ሚቦካው። ቁርስ ላይ አጃ ገንፎ በውሀ ወይ በአጃ ወተት አድርጉልን በሏቸው፣ በቅቤ ሳይሆን በማር፣ ማሩን ለማትበሉት በቡናማ ስኳር።

ሀላል ስጋ ገጠር ላይ አትጠብቁ፣ ሙስሊም እንግዶች ብዙ ጊዜ አሳ ወይ አትክልት ነው ሚመርጡት። ባህሩ ቅርብ ስለሆነ አሳው ትኩስ ነው።

እራት ላይ ስርዓቱ እንዴት ነው?

ትልቁ ሆቴል ውስጥ እንደማንኛውም ሬስቶራንት ነው። ትንሹ ቤት ጋ ግን ሰዓት አለው፣ አብዛኛው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ወይ 2 ሰዓት ላይ ነው፣ ከዛ በፊት ሳሎን ውስጥ እሳት ዳር ተቀምጣችሁ መጠጥ ይዛችሁ ሜኑ ታያላችሁ፣ ምግቡ ሲደርስ መጥተው ይጠሯችኋል። አንዳንድ ቤት ሁሉም እንግዳ ባንድ ረጅም ጠረጴዛ ነው ሚበላው። ለኛ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ አይሪሾቹም ወሬ ይወዳሉ፣ ከየት መጣችሁ ብለው ይጀምራሉ፣ ኢትዮጵያ ስትሏቸው በዕድሜ ጠና ያሉት የ1984ቱን ረሀብ ነው ቶሎ ሚያነሱት፣ ያኔ በአየርላንድ በየቤቱ ገንዘብ ተዋጥቷል፣ የራሳቸውን ረሀብ ስለማይረሱ ነው። ቅር ሊላችሁ ይችላል፣ ክፋት ግን የለውም፣ ወሬውን ወደ ቡና ወይ ወደ ሯጮቻችን መውሰድ ትችላላችሁ።

የኢሜይሉ ሰዓት በነሱ አቆጣጠር ስለሆነ "8" ካለ የኛ 2 ሰዓት ነው።

ጀበና ይዘን ሄደን ክፍላችን ውስጥ ቡና ማፍላት እንችላለን?

ኧረ በፍጹም! ከሰልና እጣን ክፍል ውስጥ አይታሰብም። ቤቱ ውስጡ ሁሉ የ200 ዓመት እንጨት ነው፣ የጭስ ማንቂያው ደግሞ ቀልድ አያውቅም፣ መላው ሆቴል በፒጃማ ሳር ላይ ይቆማል። ቡና ሳትጠጡ ማትውሉ ከሆነ ግቢው ውስጥ ኩሽና ያለው ጎጆ ቤት ተከራዩና በምድጃው ላይ ያለ ከሰል አፍሉ። እነሱ ጋ ዋናው ሻይ ነው፣ ጠንካራ ጥቁር ሻይ በወተት፣ ከሰዓት በኋላ ከኬክና ከትንንሽ ሳንዱች ጋር ሲቀርብ ምሳን ይተካል።

ክፍሎቹ ይሞቃሉ? ሊፍት አለ?

ትልልቆቹ ይሞቃሉ። ትንንሾቹ ጋ ሳሎኑ እሳት አለው፣ ኮሪደሩ ይበርዳል፣ ወለሉ ሲረገጥ ይጮሀል፣ ሻወሩ ላይ ውሀው እስኪሞቅ መታገስ ሊኖር ይችላል። ክፍሎቹ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም፣ ባንድ ዋጋ አንዱ ሀይቅ ያያል ሌላው ጓሮ፣ ስለዚህ ጠይቁ። ቲቪ የሌለበት ቤትም አለ፣ ሆን ብለው ነው።

ሊፍት ብዙ ቦታ የለም፣ ምክንያቱም እነዚህ ቤቶች በቅርስነት የተመዘገቡ ስለሆኑ ግድግዳ መብሳት ፈቃድ ይጠይቃል። እናታችሁን ወይ ጉልበት የሚያማቸውን ሰው ይዛችሁ ምትሄዱ ከሆነ መጀመሪያ ስልክ ደውላችሁ ምድር ቤት ክፍል አስይዙ፣ ዌብሳይት ላይ ያለችውን ምልክት ብቻ አትመኑ።

ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል?

መጀመሪያ መሄድ፣ መራመድ ማለቴ ነው። ግቢው ውስጥ ምልክት የተደረገበት የእግር መንገድ አለ። የጎማ ቦት ጫማ በየቁጥሩ በር ላይ ተደርድሮ ታገኛላችሁ፣ በነጻ ነው፣ ጃንጥላም እንደዛው።

አሽፎርድ ከ1999 ጀምሮ የጭልፊት ትምህርት ቤት አለ፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት ያጠልቁላችሁና ጭልፊቱን እጃችሁ ላይ አሳርፈው ጫካ ውስጥ ይዞራሉ፣ እናንተ ትለቁታላችሁ፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል፣ ስጋ ስታሳዩት ተመልሶ ጓንታችሁ ላይ ያርፋል። ልጆች ከምንም በላይ ይሄን ነው ማይረሱት። ሎክ ኮሪብ ሀይቅ ላይ በጀልባ መሄድም አለ፣ አሳ ማጥመድም። ቡናማ ትራውት ለማጥመድ የመንግስት ፈቃድ አያስፈልግም፣ ለሳልሞን ግን ያስፈልጋል፣ ጊሊ ሚሉት አስጎብኚ አሳ አጥማጅ ቅጠሩ እሱ ይጨርስላችኋል።

ጎልፍ ምትጫወቱ አዴርን ታውቁታላችሁ፣ የ2027ቱ ራይደር ካፕ የሚካሄድበት ነው። ማትጫወቱ ደግሞ ኮንግ መንደር ውስጥ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ገዳም ፍርስራሽ አለ፣ ወንዙ ላይ መነኮሳቱ ያሠሯት አሳ ማጥመጃ ትንሽ የድንጋይ ቤት ቆማለች። በ1123 አካባቢ የተሠራው የኮንግ መስቀል ከዚህ የመጣ ነው፣ አሁን ደብሊን ብሔራዊ ሙዚየም ነው ያለው፣ የኛን የእጅ መስቀልና የመጾር መስቀል እያየ ላደገ ሰው ፊቱ ቆሞ ማየት ነው እንጂ ማውራት አይቻልም።

የትኛው ወር ይሻላል? ዝናቡስ?

ዝናቡ ሁሌም አለ፣ ወር መርጣችሁ አታመልጡትም። ግን እንደኛ ሀምሌ ዶፍ አይደለም፣ ካፊያ ነው፣ መጥቶ ይሄዳል። ግንቦትና መስከረም ምርጥ ናቸው፣ ሰኔ ላይ ምዕራቡ ጋ ፀሀይ ሚጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ከእራት በኋላ እንኳን ግቢውን መዞር ይቻላል። ታህሳስ ላይ ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ፀሀይ ትጠልቃለች። ብዙ ትንንሽ ቤቶች ጥርና የካቲት ይዘጋሉ።

ልብስ ምን እንያዝ?

ቀን የፈለጋችሁትን፣ ማታ ንጹህ ሱሪና ሸሚዝ ይበቃል። አንዳንድ ሬስቶራንት ይጠብቃል፣ አሽፎርድ ጆርጅ አምስተኛ ሚባለው ምግብ ክፍል (ንጉሱ ገና ልዑል ሳለ በ1905 ሲመጣ ነው የተሠራው) ወንዶች ጃኬት እንዲለብሱ ይጠየቃል። የሀበሻ ቀሚስ ለእራት በጣም ያምራል፣ ግን ነጠላውን ከእሳቱ አርቁ። ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ግዴታ ነው።

ልጆች ይፈቀዳሉ?

አብዛኛው ቦታ አዎ። አንዳንድ ትንንሽ ቤቶች ግን ለእራት የዕድሜ ገደብ አላቸው፣ ልጆቹ ቀደም ብለው እንዲበሉ ያደርጋሉ። ግቢው ውስጥ ውሀ ስላለ አይናችሁን አትንቀሉ።

ቲፕ?

ቢሉ ላይ ሰርቪስ ቻርጅ ካለ በቃ። ከሌለ እራት ላይ 10 ከመቶ ጥሩ ነው፣ ሻንጣ ላነሳ ልጅ ሁለት ሦስት ዩሮ። ባለቤቷ ራሷ ካስተናገደቻችሁ ለሷ ቲፕ አይሰጥም፣ ለኩሽናው ብላችሁ ትተዋላችሁ።

መንፈስ አለ ይባላል፣ እውነት ነው?

እያንዳንዱ ቤት የራሱ ተረት አለው፣ ሠራተኞቹም ማውራት ይወዳሉ። ሌሊት ምትሰሙት ድምፅ ግን የማሞቂያው ቧንቧ ነው። የሚፈራ ሰው ካላችሁ ተረቱን ከቁርስ በኋላ ስሙት።

ቡክ ከማድረጋችን በፊት ምን እንጠይቅ?

በዛ ቀን ሰርግ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ይሄን ማንም አያስታውስም። ብዙዎቹ ቤቶች ገቢያቸው ሰርግ ነው፣ ቅዳሜ ላይ 150 ሰው ጨፍሮ ሲያድር እናንተ ሳሎን ውስጥ ማእዘን ላይ ትቀመጣላችሁ፣ ወይ ሬስቶራንቱ ዝግ ይሆናል። የስረዛ ደንቡንም አንብቡ፣ ቪዛ ምትጠብቁ ከሆነ ገንዘብ የማይመለስበትን ርካሽ ዋጋ አትያዙ። ክፍል ምትረከቡት ከቀኑ 9 ወይ 10 ሰዓት ነው፣ ጠዋት ከደረሳችሁ ሻንጣ አስቀምጣችሁ ግቢውን መዞር ትችላላችሁ፣ አይከለክሏችሁም።

ማደሩ አቅማችን አይደለም፣ ለማየት ብቻ መግባት ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን እንደ ቦታው ነው። አሽፎርድ ግቢውን ለመዞር የመግቢያ ትኬት ከፍላችሁ መግባት ትችላላችሁ፣ ግንቡ ውስጥ ግን ቡኪንግ የሌለው አይገባም። ድሮሞላንድና ሌሎቹ ጋ ለከሰዓት ሻይ ወይ ለምሳ ቦታ ካስያዛችሁ ትገባላችሁ፣ ሰመር ላይ ከሆነ ሳምንታት ቀደም ብላችሁ ያዙ። እኔ ብሆን መንደሩ ውስጥ ተራ ቤድ ኤንድ ብሬክፋስት አድራለሁ፣ ያው አይሪሽ ቁርስ ነው፣ ዋጋው ግን ከግማሽ በታች ነው፣ ከዛ ባንዱ ቀን ከሰዓት ሻዩን ሄጄ እጠጣለሁ። ሳንዱቹ ውስጥ ሀም ስለሚኖር ቡክ ስታደርጉ አሳማ አታድርጉብን ማለቱን አትርሱ።